ድገም

ጥቅምት 3

ለአባቴ፣

እንዴት ከረሙ? እናቴስ? ወንድሜ ትንሹስ? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም። የምጽፈው ሁሉ ስሞታ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ጥዬው ነው።

የት እንደምቀመጥ ለጠየቁኝ፣ እንዳዘዙኝ ከፊት ልቀመጥ ብዬ ነበር። እዚህ ግን ፊት የሚባል ነገር የለም። ወንበሮቹን ክብ አድርገው ይደረድሯቸዋል፤ አስተማሪዋም ከመሃላችን እንደ አንዱ ተማሪ ትቀመጣለች። በስሜ ጥሩኝ ትላለች። እኔ እስካሁን በምንም ጠርቻት አላውቅም፤ ስፈልጋት ዞር ብላ እስክታየኝ እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ስሜን ስትጠራ ብድግ ብዬ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። «ምነው፣ መውጣት ፈልገህ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ «ገባችሁ?» ብትል፣ እኛ አገር እንደለመድኩት «አዎ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ እዚህ በኅብረት የሚመልስ የለም። ድምፄ ብቻውን ሜዳ ላይ ቀረ።

የምወደው ላብራቶሪውን ነው። የደረቀ ኮንክሪት መጭመቂያ ማሽን መሃል እንከትና ስንት ክብደት እንደሚችል እንለካለን። ማሽኑ ቀስ እያለ ይጫነዋል። ለብዙ ደቂቃ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ እንደ ጥይት ጮሆ ይፈነዳል። ሌሎቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ እኔ አልይዝም። ሁለት ሁለት አድርገው ነው የመደቡን። የኔ ጓደኛ መነጽር የሚያደርግ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው ረጅም ልጅ ነው። ስሙ ለምላሴ ስለከበደኝ በልቤ ሳቂታው ብዬዋለሁ።

እናቴን ሠላም ይበሉልኝ። ትንሹ ሁለት መስመር እንኳ ይጻፍልኝ። በትርፍ ወረቀት ለብቻ የጻፍኩትን ደግሞ እርስዎ ብቻ ያንብቡት።

ልጅዎ


ጥቅምት 26

ይድረስ ለልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ሰላም» በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፈው፤ አንተ በንጉሡ ጽፈኸዋል። ባሕር ተሻግሮ ፊደል መርሳት አይፈቀድም።

ስትጠራ መቆምህ ልክ ነው። የሳቁብህ ይሳቁ። ያልገባኝ ሴትዮዋ ናት። ከተማሪ ጋር እኩል ተቀምጣ፣ በስሜ ጥሩኝ ብላ፣ ማን ሊፈራት ነው? ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ሳይፈራ የተማረ አላየሁም። «መብረቅ» ብለው ስም ያወጡልኝ ልጆች ዛሬ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ዳኛ ሆነዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሩቁ ነው ጎንበስ የሚሉት።

ትንሹ ጎሚስታ ቤት ሥራው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲነፋ ስለሚውል እጁ ብዕር አይዝም። በቀኝ ጆሮው በኩል ካልሆኑለት አይሰማም፤ እየሰማ የማይሰማበትም ጊዜ አለ። እናትህ ደህና ናት።

በትርፍ ወረቀት የጻፍከውን አልመልስም። በቤቴ ማን ላይ እጄን እንደማነሳ ከባሕር ማዶ አልጠየቅም።

አባትህ


ኅዳር 17

ለአባቴ፣

ያን ጥያቄ በመጠየቄ ተቆጥተዋል፤ ይቅርታ። ሁለተኛ አልጠይቅም።

የመጀመሪያውን ፈተና ከሃያው አምስት ብቻ አገኘሁ። አምስቱን ያገኘሁት በስሌቱ ነው። ስሌቱ ሁሉ ልክ ነው። አስተማሪዋ የተናገረችውን ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ፣ ቃል በቃል አጥንቼ፣ ቃል በቃል ጽፌላታለሁ። አሥራ አምስቱ ነጥብ ግን «አንተ ምን ታስባለህ?» ለሚል ጥያቄ ነበር። ባዶውን ትቼው ወጣሁ። ቢሮዋ ጠርታ «ከኔ ጋር የማትስማማበትን አንድ ነገር ንገረኝ» አለችኝ። አባዬ፣ ላብ አጠመቀኝ። ማግኘቱን አግኝቼ ነበር፤ ከአፌ ማውጣቱን ነው ያቃተኝ።

ሌላም አለ። ባልነግርዎት ይሻል ነበር፣ ግን ለማን ልንገር?

ባለፈው ማክሰኞ አስተማሪዋ ከኋላዬ ያለውን ሰሌዳ ልታሳይ እጇን ከራሴ በላይ ዘረጋች። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ክንዴን ፊቴ ላይ ጋርጄ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ስወጣ ማንም አልሳቀም። ሳቂታው እንኳ አልሳቀም። እጇ እንደተዘረጋ ቀርቶ ነበር፤ ቀስ ብላ አጠፈችውና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በአጠገቤ የምታልፈው እጇን ኪሷ ከትታ ነው።

ይህ ወቀሳ አይደለም። የሆነውን ነው የጻፍኩት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለልጄ፣

በጽሕፈቴ አትገረም። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ቀኝ አንጓዬ ተሰብሯል። ያሰረልኝ ሐኪም የድሮ ተማሪዬ ነው። ጀሶውን ጨርሶ የራሱን እጅ አሳየኝ፤ የመሃል ጣቱ ጠማማ ነው። «የእርስዎ ማስመሪያ ናት፣ መምህር» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ይሆናል። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም።

ያለፈውን ደብዳቤህን ትንሹ ለእናትህ አነበበላት። ከእንግዲህ ለእኔ የሚጻፍ ለእኔ ብቻ ይሁን። ከዚያ ለመጣው ነገር ተጠያቂ እኔ አይደለሁም።

ትንሹ ከቤት ወጥቷል። ለሥራው እንዲቀርበው ነው። እናትህም ቤቱን ልታደላድልለት አብራው ሰንብታለች። ትመለሳለች።

ስለ ጠረጴዛው፣ ወንድ ልጅ እጅ ባየ ቁጥር አይደበቅም። ሴትዮዋ እጇን ኪሷ መክተቷም ንቀት ነው። እየናቁህ ነው። ቀና ብለህ ቁም። ከአጠገብህ የሚሠራው ሲያጠፋ ዝም አትበለው፤ አርመው። አንድ ቀን ከፈሩህ ዕድሜ ልክህን ያከብሩሃል።

አባትህ


ጥር 11

ለአባቴ፣

ማኅተም ያለበት ወረቀት ከዩኒቨርሲቲው ደርሶዎት በነሱ ቋንቋ ስለሆነ የሚያነብልዎ ማጣትዎን ጽፈውልኛል። እኔ ላንብብልዎት። ልጅዎ ሰው ደብድቧል ይላል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሦስት ኮንክሪት ልንሰብር ገባን። እኔ ማሽኑ ላይ ነበርኩ፣ ሳቂታው ቁጥሩን እያነበበ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ተሳስቶ ጻፈ። በነሱ ቋንቋ፣ በትሕትና፣ እንደገና አንብበው አልኩት። ሁለተኛውንም ተሳሳተ፤ ሳቀ። ሦስተኛውን ደግሞ ጭራሽ ሳያየው ከልቡ ሞላና ወረቀቱን እያሳየኝ ሳቀ። ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በጥፊ መታሁት። እጄ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር፤ ጉንጩን አልፎ ግራ ጆሮው ላይ አረፈ። አንዴ ቢሆን ደንግጬ ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት። መነጽሩ ወድቆ በጫማዬ ሥር ሲደቅቅ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው እጁን አነሳ፤ እጁን በግራዬ ይዤ ከፊቱ ገለል አደረግሁና ደገምኩት። በሦስተኛው ወደቀ። ከጆሮው ደም ወጥቶ በአንገቱ ወደ ሸሚዙ ገባ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልቤ ከወትሮው ፈጥኖ አለመምታቱ ነው። ሥራዬን እንደምሠራ ነበርኩ።

የጆሮው ታምቡር ተቀዷል። ሐኪሞቹ በጊዜ ይድናል ብለዋል።

ኮሚቴ ፊት ቀርቤአለሁ። አስተማሪዋም አለችበት። አንዱ አዛውንት «እየመታኸው በቋንቋህ አንድ ቃል ትጮህ ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። ስድብ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጮኼን አላስታውስም ነበር። ሲሉልኝ ግን አወቅሁት። «ድገም ማለት ነው» አልኳቸው። «ምኑን ነው የሚደግመው?» አሉኝ።

«ማን ነው ያስተማረህ?» ላሉኝም አልመለስኩም። ክፍል እንዳልገባ ታግጃለሁ፤ ውሳኔው በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ስለ ራሴ የምለው ካለ በጽሑፍ አቅርብ ብለውኛል።

እርስዎን አንድ ነገር ብቻ ልለምን። የትንሹ ጆሮ እንዴት እንደደነቆረ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

ልጅዎ


ጥር 30

ይድረስ ለልጄ፣

አሳፈርከኝ። እንድታርም ነው ያልኩህ፤ ማን ደም አፍስስ አለህ? አሁን ደግሞ ያጠፋኸው አንተ ሆነህ ሳለ ለባዕድ ኮሚቴ አባትህን ልታቀርብ ነው?

የወንድምህ ጆሮ የታመመው በትኩሳት ነው። ያኔ እንዲህ ብለናል፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እናትህ ገና አልተመለሰችም። ለሷ ስትጽፍ ቤቱ መጥረጊያ እንዳጣ ንገራት።

አባትህ


የካቲት 18

ለአባቴ፣

ትንሹ ጽፎልኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት መስመር ለምኜው ያጣሁት ልጅ አራት ገጽ ጻፈልኝ።

ደረጃ ላይ አላዳለጠዎትም። እናቴ ያን ስለ ጠረጴዛው የጻፍኩትን ደብዳቤ ትንሹ ሲያነብላት ሰምታ፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ እርስዎ ገባች። «ልጄ ባሕር ተሻግሮ እንኳ ከእጅህ አላመለጠም» አለችዎት። ለዚች አንዲት ንግግር ቀበቶዎን ፈቱ። ሁለቴ መትተዋታል፤ በአንዱ ዘለበቱ ቅንድቧን ቀደደው። ሦስተኛውን ሲያነሱ ትንሹ እጅዎን ያዘ። ልቀቀኝ አሉት። እሱ ደግሞ ጎማ በሚፈታበት ክንዱ አጥንቱ እስኪጮህ ጠመዘዘው። «ሲሰበር ሰማሁት» ብሎ ጽፎልኛል። «በአንዱ ጆሮዬም ቢሆን ጥርት ብሎ ተሰማኝ።» ከዚያ እናቴን ይዞ ወጣ።

ሁሉም በእኔ ደብዳቤ መጣ።

ትኩሳት አልነበረም፣ አባዬ። ምሳ ሰዓት ነበር። እሱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ አሥራ አንድ። ሰባት ሲባዛ በስምንት አሉት። ሃምሳ አራት አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መልሱን አውቀው ነበር። በከንፈሬ ባሳየው ያይ ነበር። እኔንም እንዳይመቱኝ ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለኮሚቴው እኔ የማውቀውን መጻፍ እችላለሁ። ልጅ አባቱን ከሰሰ ይባላል ብዬ አልፈራም። ግን የእርስዎን ነው የምፈልገው። ለኮሚቴው አይደለም፣ ለኔ። ካልጻፉልኝ ይህ የመጨረሻ ደብዳቤዬ ነው።

ልጅዎ


መጋቢት 14

ልጄ፣

ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ። ግራ እጅ ዝግ ይላል፤ ዝግ ማለቱ ብቻ አይደለም።

ምሳ ሰዓት ነበር። ያን ቀን ጠዋት ርእሰ መምህሩ በተማሪዎቼ ፊት አዋርዶኝ ገብቻለሁ። ለምን እንዳዋረደኝ ዛሬ ትዝ እንኳ አይለኝም። ትንሹን ሰባት ሲባዛ በስምንት አልኩት። ሃምሳ አራት አለ። ድገም አልኩና መታሁት። ሃምሳ አራት አለ። ድገም አልኩና መታሁት። በሦስተኛው ሃምሳ ስድስት አለ። አሁን ስማኝ። በሦስተኛው በትክክል መልሶ ነበር። እጄ ተነሥቶ ስለነበር ሳልመልሰው መታሁት። ጆሮው የተቀደደው በዚያኛው ነው። ይህን አንተም አታውቅም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ሐኪም ዘንድ አራት ቀን አላስወሰድኩትም። ትኩሳት ነው በሉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ሙሉ እኔም ትኩሳት ነው ስል ኖርኩ።

ደብዳቤህ በደረሰ በሳምንቱ ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ትንሹ ተንበርክኮ ከጎማ ላይ ሚስማር ይነቅል ነበር። አጠገቡ ቆሜ የምለውን ሁሉ አልኩት፤ ስለ ሃምሳ ስድስቱም፣ ስለ እናትህ ቅንድብም። ስጨርስ ቀና እንኳ አላለም። ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ሹፌር «አባቴ፣ በዚያ ጎኑ አይሰማም። ይዙሩለት» አለኝ። የትኛው ጎኑ እንደማይሰማ ከሁሉ በፊት የማውቅ እኔ ነኝ። በግራው የቆምኩት እንዳይሰማኝ ነው። ሹፌሩ ግን ሁሉን ሰምቶ ነበርና ዓይኔን ማየት አልቻለም። ትንሹ ሲያየኝ ደንግጦ የጎማ መፍቻውን ጨብጦ ተነሣ። ልጄ ራሱን ከእኔ በብረት ሊከላከል ተዘጋጅቶ ቆመ። ስለ ጤናው ጠይቄው ተመለስኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። በቀኙ ቆምኩ። ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ተናገርኩ። ብረቱን አላስቀመጠም፣ ግን እስክጨርስ አዳመጠኝ። «ሰምቻለሁ» አለ። «እማዬ ግን ወደዚያ ቤት አትመለስም። ሊወስዷት የመጡ እንደሆነ ሌላውንም እሰብረዋለሁ።» ይህን ሲል አልጮኸም። እናትህ ከጓዳው በር አየችኝ። ጠባሳው ቅንድቧን ለሁለት ከፍሎታል። ወደ እኔ አልወጣችም።

ይህን ደብዳቤ ለኮሚቴው ስጠው። ስሜን አትሸፍነው። ትመለስ ዘንድ እናትህን አንድ ቃል ብትልልኝ ግን ውለታህ ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።

አባትህ


ሚያዝያ 8

ለአባቴ፣

ውሳኔው ምን ሆነ ብለው በአጭሩ የጻፉልኝ ትናንት ደረሰኝ።

ደብዳቤዎን እዚያው ፊታቸው ቆሜ ወደ ቋንቋቸው እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሃምሳ ስድስቱ ጋ ስደርስ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንም አላጣደፈኝም። አስተማሪዋ ውኃ ቀዳችልኝ። ስጨርስ፣ በራሴ ቃል፣ «ይህን ያነበብኩት ጥፋቴን ወደ አባቴ ለማዞር አይደለም፤ የመታሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አዛውንቱ «እንዲቀልልህ አንብበኸው ከሆነ አይቀልልህም» አለኝ። «እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም» አልኩት። አፌ ሲናገር እኔው ገረመኝ። ቀሎኛል፣ አባዬ። ትንሽ ነው፣ ግን ቀሎኛል።

እስከሚቀጥለው ዓመት ከትምህርት ታግጃለሁ። በመስከረም የመጀመሪያውን ዓመት ከነኮንክሪቱ ከባዶ እጀምራለሁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ከአንዲት ባለሙያ ጋር ተቀምጬ እንድነጋገር ታዝዣለሁ።

ሳቂታውም ኮሚቴው ዘንድ መጥቶ ነበር። አዲስ መነጽር አድርጓል። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሰምቼሃለሁ» አለኝ። «ከአንተ ጋር ግን ሁለተኛ ላብራቶሪ አልገባም።» አልጨበጠኝም። ሲወጣ ከበሩ ራቅ ብዬ ቆምኩለት፤ ግድግዳውን ታክኮ ነው ያለፈው። ሰው እንዲፈራኝ ተመኝቼ ከሆነ፣ ይኸው አገኘሁት።

እናቴን እንዳማልድ ጠይቀውኛል። አላማልድም። መመለስም አለመመለስም የሷ ነው፤ እርስዎ ደብዳቤ ከላኩላት ትንሹ ያነብላታል፤ እኔ መሃል አልገባም።

ክረምት ላይ እመጣለሁ። የማርፈው እነሱ ጋ ነው። እርስዎ ዘንድ ቀን ቀን ብቅ እላለሁ፤ በሩን ከፍተን እንቀመጣለን። ከሁለት አንዳችን ድምፃችንን ከፍ ካደረግን ተነሥቼ እወጣለሁ። ስወጣ አይከተሉኝ፣ አይጥሩኝም። በማግስቱ ራሴ እመለሳለሁ።

ልጅዎ